ሰውነት ጽንስን ያሳልፋል፤ ካንሰርንስ ለምን ያሳልፋል?

የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት ዘመቻ ሲመጣ ጎንደር ውስጥ አንድ ወሬ አብሮ ይነሳል። «ክትባቱ ልጆቻችንን ያመክናል» የሚል ነው። ቡና ላይ ይወራል። ባጃጅ ውስጥ ይወራል። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የሚያስመዝኑ እናቶች ሳይቀሩ ይቀባበሉታል። የሚያወሩት ክፉ ሆነው አይደለም፤ ልጃቸውን ወልዳ ከብዳ ማየት የሚፈልጉ ወላጆች ናቸው። ችግሩ የሚሰጣቸው መልስ ላይ ነው። «ውሸት ነው፣ አትስሙ» ተብሎ ይታለፋል። እንዲህ ያለ መልስ የሰውን ስጋት ወደ ውስጥ ይከተዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንዲት ሴት ስታረግዝ የበሽታ መከላከያዋ ምን ይሠራል? ካንሰር ሲመጣስ ለምን ዝም ይላል? ክትባቱ ከሁለቱ የትኛውን ይነካል? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ። ጠዋት እንግዴ ልጅ ሲመረምሩ ቆይተው ከሰዓት የካንሰር ሴል ላይ የሚሠሩ። እርግዝናንና ካንሰርን በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ምን አገናኛቸው ያሰኛል። የሚያገናኛቸው ብዙ ነው።

ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

የበሽታ መከላከያ ስንል ምን ማለታችን ነው?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በር ላይ የሚቆመውን ጥበቃ አስቡት። ሰው ሲመጣ መታወቂያ ያያል። የግቢው ሰው ከሆነ ያሳልፋል። ካልሆነ ይመልሳል፤ ካስቸገረው ጓደኞቹን ይጠራል። ሰውነታችን ውስጥም እንዲህ ያሉ ጥበቃዎች አሉ፤ ነጭ የደም ሴሎች እንላቸዋለን። ሌት ተቀን ይዞራሉ። የሚያዩት መታወቂያ ደግሞ እያንዳንዱ ሴል ከላዩ ላይ የሚያሳየው ፕሮቲን ነው። ሐኪሞች ኤች ኤል ኤ ይሉታል። ግማሹን ከእናታችን፣ ግማሹን ከአባታችን እንወርሳለን። ከቤተሰብ ውጭ ልክ የኛ ዓይነት መታወቂያ ያለው ሰው ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

ኩላሊት የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስደው ለዚህ ነው። ጥበቃዎቹ የሌላ ሰው መታወቂያ ያዩና ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራሉ። የገዛ ልጁ የሰጠው ቢሆን እንኳ።

ታዲያ ጽንስ እንዴት ያልፋል?

ጽንስ ግማሽ መታወቂያው የአባቱ ነው። ለእናቱ ሰውነት ግማሽ ባዕድ ማለት ነው። በኩላሊቱ ሕግ ከሄድን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባረር ነበረበት። ግን ዘጠኝ ወር ይቀመጣል፣ ያድጋል፣ ይወለዳል።

ይህን ጥያቄ በ1953 አፍታተው ያነሱት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፒተር ሜዳዋር ናቸው። ሜዳዋር ሰውነት የሌላን ሰው አካል እንዴት እንደሚቀበልና እንደማይቀበል ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በ1960 ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ ሥራ ነው። ሦስት ግምት አስቀመጡ። ምናልባት እናትና ጽንስ በግድግዳ ተለያይተው ይሆናል። ምናልባት ጽንሱ ገና ስለሆነ መታወቂያው አልወጣለት ይሆናል። ወይ ደግሞ የእናትየዋ መከላከያ በእርግዝና ጊዜ ይተኛል።

ሦስቱም ሙሉ መልስ አልሆኑም። ግድግዳው ያሳልፋል፤ የጽንሱ ሴሎች ወደ እናትየዋ ደም ይሻገራሉ። በ1996 የወጣ ጥናት ወንድ ልጅ ባረገዘች እናት ደም ውስጥ የወንድ ሴሎችን ከ27 ዓመት በኋላ አግኝቷል። እናት ልጇን ከወለደችውም በኋላ ትሸከመዋለች፣ በቁሙ። ይተኛል የሚለውም አያስኬድም። ነፍሰ ጡር ሴት ጉንፋን ይይዛትና ይለቃታል፣ ቁስሏም ይሽራል። አንዳንድ በሽታዎች፣ ወባን ጨምሮ፣ በእርግዝና ጊዜ ይበረቱባታል። ግን መከላከያዋ ሥራ ላይ ነው።

አሁን የሚታወቀው እንዲህ ነው። ጥበቃዎቹ ነቅተዋል። ጽንሱንም ያዩታል። ግን እንዲያሳልፉት ታዘዋል። ትዕዛዙ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። አንዱ ከእንግዴ ልጁ ነው፤ ወደ ማህፀኑ ዘልቀው የሚገቡት ሴሎቹ ከተለመዱት መታወቂያዎች ዋና ዋናዎቹን ይደብቁና ኤች ኤል ኤ-ጂ የሚባል የተለየ የይለፍ ወረቀት ያሳያሉ። ጥበቃው ያንን ሲያይ እጁን ይሰበስባል። ሌላው ከራሷ ከእናትየዋ ነው። ሌሎቹን ጥበቃዎች «ተው፣ ተረጋጋ» እያሉ የሚያበርዱ ሴሎች አሏት፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ለሜሪ ብረንኮ፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው የእነዚህን ሴሎች ነገር ፈልፍለው በማውጣታቸው ነው።

ማሳለፉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ዓመት በየል ዩኒቨርሲቲ፣ ኋላም በዲትሮይቱ ዌይን ስቴት የሠሩት ጊል ሞር የሚባሉ ተመራማሪ እርግዝናን በሦስት ምዕራፍ ከፍለው ያስረዳሉ። ጽንሱ ማህፀን ላይ ሲጣበቅ ጥበቃዎቹ ትኩስ ናቸው፤ መጣበቁ ራሱ ትንሽ ቁስል ስላለው መጠገን አለበት። መሃሉ ላይ ነገሩ ይረጋጋል፣ ጽንሱ የሚያድግበት ጊዜ ነው። ምጥ ሲቃረብ ደግሞ እንደገና ይነቃሉ፤ ማህፀኑ እንዲኮማተርና ልጁ እንዲወጣ የሚያግዙት እነሱው ናቸው። እኚህን ሰው ወደ ኋላ በሌላ ሥራቸው እናገኛቸዋለን።

ጥበቃው የማያሳልፍበት ጊዜስ የለም?

አለ። ሾተላይን እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ይወለዳል። ከዚያ የሚረገዘው ሆድ ውስጥ ይሞታል፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ተወልዶ ያርፋል። በዚህ ምክንያት ስንት ትዳር ፈርሷል። ስንት እናት «ልጅ አይበረክትላትም» ተብላ አንገቷን ደፍታ ኖራለች። እንዲህ ካሉት ሐዘኖች ብዙዎቹ ከእናትየዋ ጥፋት ጋር ምንም የሚያገናኛቸው የለም። የደም ነገር ነው።

የእናትየዋ ደም ኔጌቲቭ፣ የጽንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናቱ ይገባል። ያ የማሳለፍ ትዕዛዝ የእንግዴ ልጁን ሴሎች ነው የሚሸፍነው፣ የልጁን ቀይ ደም አይሸፍንም። ስለዚህ ጥበቃዎቿ ያንን ደም ባዕድ ብለው ይመዘግቡታል። መመዝገቡ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፋል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን አንቲቦዲዎቿ፣ ጥበቃዎቿ ባዕድን ለማጥቃት የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች፣ እንግዴ ልጁን ተሻግረው የጽንሱን ደም ያፈርሱታል።

መድኃኒቱ ከ1968 ጀምሮ አለ። አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ ነው። የእናትየዋ ጥበቃዎች ከመመዝገባቸው በፊት የገባውን የልጁን ደም ያጸዳል። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፤ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ። ጽንስ ሲጨነግፍም ያስፈልጋል፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንዴ ከተመዘገበ ግን መርፌው አይመልሰውም። ክትትል ስትጀምሩ የደም ዓይነታችሁን ጠይቁ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ካርዳችሁ ላይ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ።

እንግዴ ልጅ ማህፀን ውስጥ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የካንሰሩም ነገር የሚፈታው እዚህ ነው።

የእንግዴ ልጅ ሴሎች የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስረው ይገባሉ። የእናትየዋን የደም ሥር ግድግዳ አፍርሰው ያሰፉታል፣ ለጽንሱ ደም በደንብ እንዲደርሰው። የሌላን ሰው አካል ወርሮ መግባት፣ ደም ወደ ራስ መሳብ፣ ከጥበቃ ዓይን መሰወር። ካንሰርን የሚያውቅ ሐኪም ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ ካንሰር የሚያደርገውን ነው የሚያደርጉት። ልዩነታቸው መቆሚያውን ማወቃቸው ነው። የሚያስቆማቸው ደግሞ የእናትየዋ ማህፀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማህፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ካሉት የመከላከያ ሴሎች 70 በመቶ ያህሉ ኤን ኬ የሚባሉ ናቸው። ደም ውስጥ ያሉት ኤን ኬዎች የታመመ ሴል ይገድላሉ። የማህፀኖቹ ግን ከእንግዴ ልጁ ጋር ይነጋገራሉ፤ «እስከዚህ ግባ፣ ከዚህ አትለፍ» ይላሉ።

ንግግሩ ካልሰመረና እንግዴ ልጁ በደንብ ካልገባ የሚመጣው ፕሪክላምፕሲያ ነው። የእርግዝና ግፊት የምንለው። እናትየዋን ራስ ምታት ያሰቃያታል፣ ዓይኗን ያጭበረብራታል፣ ፊቷና እጇ ያብጣል፤ ካልታከመች ያንቀጠቅጣታል፣ ሊገድላትም ይችላል። ከመጠን በላይ ጠልቆ ከገባ ደግሞ፣ በተለይ ከዚህ ቀደም በኦፕሬሽን በወለደችበት ጠባሳ ላይ፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ እንግዴ ልጁ አልላቀቅ ብሎ ከባድ ደም መፍሰስ ያመጣል።

በዚህ ጉዳይ ከአፍሪካ የወጣ አንድ ሥራ አለ። የካምፓላዋ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም አኔቲ ናኪሙሊ ከካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በሙላጎ ሆስፒታል የወለዱ ኡጋንዳውያን እናቶችን አጠኑ። በ2015 ባወጡት ጽሑፍ የኤን ኬ ሴሎችን ሥራ የሚመሩ አንዳንድ ጂኖች አፍሪካውያን ላይ ተገኝተው አውሮፓውያን ላይ የሌሉ መሆናቸውን፣ እነዚህም እናትን ከፕሪክላምፕሲያ እንደሚከላከሉ አሳዩ። የአውሮፓ እናቶችን ብቻ እያጠኑ ቢቀመጡ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። የኛ አገር እናቶችም ናሙና በእንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ እንዲገባ የምመኘው ለዚህ ነው።

እርግዝናው ራሱ ካንሰር የሚሆንበት ጊዜ አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። አንዳንዴ የእናት ዘር የሌለበት እንቁላል በወንዱ ዘር ብቻ ይያዛል። ጽንስ አይፈጠርም። እንግዴ ልጁ ብቻ ያብጣል፣ በውሃ የተሞሉ ትናንሽ ከረጢቶች ይሆናል። ሴትየዋ እርጉዝ ነኝ ብላ ታስባለች፤ ምርመራውም እርጉዝ ነሽ ይላታል። ሆዷ ከወሩ በላይ ይገፋል፣ ማስመለሱ ይበረታባታል፣ ደም ይፈሳታል። ሐኪሞች ሞላር እርግዝና ይሉታል። እንዲህ ያለው እርግዝና ሙሉ በሙሉ ከአባትየው የመጣ ነው፤ መታወቂያው ግማሽ ሳይሆን መቶ በመቶ ባዕድ ነው። ጥበቃዎቹ ግን ያሳልፉታል። የይለፍ ወረቀቱ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አብዛኛው ማህፀኑ ሲጠረግ ያበቃል። ጥቂቱ ግን ወደ ካንሰር ይለወጣል፤ ኮሪዮካርሲኖማ ይባላል። ሳንባና አንጎል ድረስ ይሠራጫል። ድሮ በወራት ውስጥ ይገድል ነበር። በ1956 አሜሪካ ውስጥ ሚን ቺው ሊና ሮይ ኸርትዝ ሜቶትሬክሴት በሚባል መድኃኒት አዳኑት። ተሠራጭቶ የነበረ እብጠት ያለው ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሲድን ያ የመጀመሪያው ነበር። ሊ የሚከታተሉት እብጠቱን ብቻ አልነበረም። እርግዝና የሚለየውን ሆርሞን፣ ኤች ሲ ጂ የሚሉትን፣ ይለኩ ነበር። እብጠቱ ከጠፋም በኋላ ሆርሞኑ ጨርሶ እስኪጠፋ መድኃኒቱን ቀጠሉ። አበዙት ተብለው ከሥራቸው ተሰናበቱ። መጨረሻ ላይ የዳኑት ሕክምናውን እስከ መጨረሻ የወሰዱት ሴቶች ሆኑ። ዛሬ ይህ ካንሰር በጊዜ ከተያዘ ከሁሉም በላይ ከሚድኑት ውስጥ ነው።

ሞላር እርግዝና የተጠረገላት ሴት «ማህፀኔ ተጠርጓል፣ ድኛለሁ» ብላ መጥፋት የለባትም። ሆርሞኑ እስኪጠፋና ከዚያም በኋላ ሐኪሟ እስከሚላት ድረስ እየተመላለሰች መለካት አለባት። ለዚያን ያህል ጊዜም ማርገዝ የለባትም፤ ካረገዘች ሆርሞኑ እንደገና ስለሚወጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ከጃናሞራ ወይ ከቋራ ለምትመጣ ሴት ይህ መመላለስ ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው። ቢያንስ ለምን እንደምትመላለስ ቁጭ ብሎ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል። ባልም አማትም አብረው ቢሰሙ ይሻላል።

ሌሎቹ ካንሰሮችስ ወረቀቱን ከየት ያገኙታል?

ይሰርቁታል። የይለፍ ወረቀቱ አሠራር በሁላችንም ሴል ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ካንሰር ደግሞ ከራሳችን ሴል ነው የሚነሳው። ስለዚህ የተዘጋውን ገጽ ይከፍተዋል። ፒዲ-ኤል1 የሚባል ፕሮቲን አለ። እንግዴ ልጅ ላይ በብዛት ይገኛል፣ ብዙ ካንሰሮችም ያወጡታል። ጥበቃው ሲያየው ወደ ኋላ ይላል። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 ኖቤል የተሸለሙት ካንሰር ጥበቃውን የሚያስቆምባቸውን እንዲህ ያሉ ማቆሚያዎች ማንሳት እንደሚቻል በማሳየታቸው ነው። ከዚህ የወጡ መድኃኒቶች አሁን ለማህፀን በር ካንሰርም ይሰጣሉ። ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው።

ጥበቃዎቹ በቦታቸው መገኘት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በ2003 የወጣ የኦቫሪ ካንሰር ጥናት ያሳያል። ኦቫሪ እንቁላል የሚመረትበት አካል ነው። እብጠታቸው ውስጥ ከጥበቃዎቹ ዋናው የሆነው ቲ ሴል ዘልቆ ከተገኘባቸው ሴቶች 38 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ካልተገኘባቸው 4.5 በመቶው ብቻ።

ወባ የሚበዛበት ደምቢያ ያደገ ሰው የሚገርመው ሌላም ግንኙነት አለ። ወባ ነፍሰ ጡርን ለምን ይለያታል? የወባ ተሐዋሲ ያለባቸው ቀይ የደም ሴሎች እንግዴ ልጅ ላይ የሚገኝ አንድ የተለየ ስኳር አግኝተው እሱ ላይ ይጣበቃሉ። በኮፐንሃገን የወባ ክትባት ለመሥራት ይህንን ሲያጠኑ የነበሩት አሊ ሳላንቲና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያልጠበቁትን ነገር አሳተሙ፤ ተሐዋሲው ለመጣበቅ የሚጠቀምበት ፕሮቲን አብዛኞቹ የካንሰር ዓይነቶች ላይም ይጣበቃል። ያው ስኳር ካንሰሩም ላይ አለ ማለት ነው። ለሕክምና ይውል እንደሆነ እየተጠና ነው።

ተመራማሪው በየቀኑ ምን ያደርጋል?

እናት ከወለደች በኋላ ፈቃዷን ጠይቆ ከእንግዴ ልጁ ቁራጭ ይወስዳል። ኦፕሬሽን ከተሠራላት ሴትም እንዲሁ የእብጠት ናሙና። ሴሎቹን ለይቶ ያሳድጋል፤ የእንግዴ ልጅ ሴልና የመከላከያ ሴል አንድ ሳህን ላይ አድርጎ ምን እንደሚባባሉ ያያል። ከዚያ ያንኑ በካንሰሩ ይደግመዋል።

ጊል ሞር ከእርግዝናው ጎን ለጎን የኦቫሪ ካንሰር ላይ ሲሠሩ የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ቡድናቸው በ2006 ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ያሳስባል። የመከላከያ ሴሎች ጀርምን የሚለዩበት የማንቂያ መስመር አለ። አንዳንድ የኦቫሪ ካንሰር ሴሎችም ይኸው መስመር አላቸው። ፓክሊታክሴል የሚባለው የታወቀ የኬሞ መድኃኒት ያንን መስመር ሲነካው ሴሎቹ ከመሞት ይልቅ ይበረታሉ። አንዳንዷ ታማሚ ኬሞውን ወስዳ ለምን እንደማይሠራላት አንዱ ማስረጃ ይህ ነው።

ያልተሳካውንም መናገር ያስፈልጋል። ይኸው የየል ቡድን ደም ውስጥ ስድስት ፕሮቲኖችን በመለካት የኦቫሪ ካንሰርን ገና ሳይገፋ መለየት ይቻላል ብሎ በ2008 አንድ ምርመራ አወጣ። በዚያው ዓመት ለሽያጭ ቀረበ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥያቄ አነሳ፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከገበያ ወጣ። በእንግሊዝ ከ200,000 በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2021 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በደም ምርመራና በአልትራሳውንድ መፈተሽ በኦቫሪ ካንሰር የሚሞተውን ቁጥር እንዳልቀነሰ ተናገረ። ስለዚህ ጤነኛ ለሆነች ሴት «ኦቫሪ ካንሰርን ቀድሞ የሚያሳይ የደም ምርመራ» ብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። የሚሻለው ምልክቱን ማወቅ ነው። ሆድ መነፋት የማይለቅ ከሆነ፣ ትንሽ በልታ ቶሎ የምትጠግብ ከሆነ፣ ታችኛው ሆዷን የሚያማት ከሆነ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚላት ከሆነና ይህ በየቀኑ ለሳምንታት ከቆየ፣ በተለይ የወር አበባ ካቆመች በኋላ፣ «ጨጓራ ነው» ብላ መቀመጥ የለባትም።

ኤች ፒ ቪስ ጥበቃውን እንዴት ያልፋል?

የማህፀን በር ካንሰር አገራችን ውስጥ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚይዝ ነው። በዓለም በ2022 ብቻ ወደ 660,000 ሴቶችን ይዟል፣ 350,000 ያህሉን ገድሏል። መነሻው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 ኖቤል ወስደዋል። 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻ 70 በመቶውን ያመጣሉ።

ቫይረሱ የይለፍ ወረቀት እንኳ አያስፈልገውም፤ ሳይታይ ነው የሚገባው። ደም ውስጥ አይሄድም። የገባበትን ሴል አይገድልም። ትኩሳት የለም፣ ሕመም የለም። ጥበቃዎቹን የሚቀሰቅስ ድምፅ አያሰማም። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ ሴቶች በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ራሳቸው ያጠፉታል። ያልጠፋው ነው ካንሰር የሚሆነው፣ እሱም በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ወስዶ። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት፣ በተለይ መድኃኒት ካልጀመረች፣ ጥበቃዎቿ ስለሚመናመኑ ለዚህ ካንሰር ያላት ተጋላጭነት በስድስት እጥፍ ይጨምራል፤ ጊዜውም ያጥራል።

እሺ፣ ክትባቱ መካን ያደርጋል ወይስ አያደርግም?

አያደርግም። አሁን ምክንያቱን ማየት ትችላላችሁ።

ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ነው፣ ባዶውን። በውስጡ የቫይረሱ ጂን ስለሌለ ሊራባ አይችልም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ለጥበቃዎቹ ያንን ቅርፊት ያሳያቸዋል። ፎቶውን በሩ ላይ መለጠፍ ማለት ነው። ያ ፎቶ ከሴት እንቁላል፣ ከማህፀን፣ ከእንግዴ ልጅ ወይም ከጽንስ ጋር አይመሳሰልም። ጽንሱን የሚያሳልፉትን ትዕዛዞች፣ ኤች ኤል ኤ-ጂንም ተቆጣጣሪ ሴሎችንም፣ አይነካም። ክትባቱ ከ2006 ጀምሮ በዓለም ላይ እየተሰጠ ነው፤ በልጅነታቸው የተከተቡት ዛሬ ራሳቸው እናቶች ሆነዋል። ስኮትላንድ ውስጥ ከ1988 እስከ 1996 ከተወለዱት መካከል በ12 እና በ13 ዓመታቸው ሙሉውን የተከተቡት ላይ አንድም የማህፀን በር ካንሰር አልተገኘም፤ ይህ በ2024 ታትሟል።

መውለድን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው። ሲገፋ ማህፀን ይወጣል፣ ወይም በጨረር ይታከማል።

አገራችን ክትባቱን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። ያኔ ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ጊዜም እንደሚበቃ ካሳወቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ ክትባት የሚያዳርስ ዘመቻ ተካሂዷል። በልጅነት የሚሰጠው ቫይረሱ ሳይገባ ፎቶው እንዲለጠፍ ነው። ከገባ በኋላ ክትባቱ አያስወጣውም።

እናቶችስ? ምርመራው ያማል?

ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራው ለናንተ ነው። ኤች አይ ቪ ላለባት ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ ቶሎ ቶሎም ይደጋገማል። ብዙ እናት ማፈሯንና ሕመሙን ትፈራለች፤ ሁለቱም ይገባኛል። የሚደረገው ይህ ነው። አልጋ ላይ በጀርባሽ ትተኛለሽ። ነርሷ ወይ ሚድዋይፏ ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ የማህፀንሽን በር እንዲታይ ታደርጋለች፤ እዚህ ላይ መጨናነቅ ይሰማሻል፣ ሰውነትሽን ስታዝናኚው ይቀላል። ከዚያ በጥጥ የተቀጠነ አቼቶ ትቀባዋለች፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ። ትንሽ ሊቆጠቁጥ ይችላል። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። መለወጥ የጀመረ ሴል ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከሌለ ሐምራዊ እንደሆነ ይቀራል። ውጤቱን እዚያው ትነግርሻለች። የወር አበባ ላይ ሆናችሁ አትሂዱ፣ ማየት ያስቸግራል።

ነጭ ወጣ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም። ከካንሰሩ በፊት ያለው ደረጃ ሊሆን ይችላል፤ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ እዚያው ይጠፋል፣ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአንድ ወር ያህል ከባል ጋር መገናኘት አይፈቀድም፣ ይህንን ባልም አብሮ ቢሰማ ጥሩ ነው። ማህፀን አይወጣም። ቀጠሮዋ በዓመቱ ነው፤ ካርዷን ይዛ ትመጣለች።